ሥልጣኑ በቅሎዋ ላይ ብቻ ነው

ሱቄን ከገበያው አንሥቼ ኮሌጁ በር ፊት ለፊት ያዛወርኩት ለእውቀት ብዬ አይደለም። ተማሪ ባለበት ሳሙና፣ ደብተርና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። ከዚያ ጎን ለጎን የፕላስቲክ ወንበርና ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። ላሊበላ ላይ ሠርግ ከሌለ ተዝካር አለ፤ ተዝካር ከሌለ ስብሰባ አለ። በዚያ ዘመን ደግሞ ስብሰባ የሌለበት ቀን ቢኖር ስለ እሱ ስብሰባ ይጠራ ነበር። ወንበሮቼ ሥራ ፈትተው አያውቁም።

ማንበብ የለመድኩት ከመጠቅለያ ወረቀት ነው። በልጅነቴ ኩልመስክ ገበያ ላይ ስኳር ስቸረችር፣ መጠቅለያ እንዲሆነኝ አሮጌ ጋዜጣና የተገነጣጠለ መጽሐፍ በኪሎ እገዛ ነበር። ደንበኛ እስኪመጣ አነባለሁ። ክፋቱ፣ ደንበኛ ይመጣል። ሰውዬው ሽጉጡን እንደመዘዘ፣ ወይም ልጅቷ በሩን ልትከፍት እጇን እንደዘረጋች፣ አንዷ ሴትዮ «ሩብ ኪሎ» ትላለች፤ ቀድጄ እጠቀልልላታለሁ። ስለዚህ የብዙ ታሪክ መጀመሪያ አውቃለሁ። መጨረሻው የሰው ቤት ምድጃ ገብቷል።

ይሄን ያወራሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለመምህርቷ። ከደሴ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ኮሌጁ ግንበኝነት፣ የቧንቧ ሥራና ኤሌክትሪክ ነው የሚያስተምረው፤ የሷ አማርኛ የሚፈለገው ተማሪው የሥራ ማመልከቻ እንዲጽፍ ያህል ነበር። ሳሙና ልትገዛ ስትመጣ፣ አንዱን የተቀደደ ታሪኬን እስከማውቀው ድረስ እነግራታለሁ፤ እሷ የቀረውን ከራሷ ፈጥራ ትጨርስልኛለች። ሽጉጥ የመዘዘው ሰውዬ በሷ አጨራረስ የዱቄት ወፍጮ ከፍቶ በሰላም ይኖራል። ጥይቱ የት ደረሰ ብላት፣ «ጋሼ፣ ወፍጮውን የገዛው በምን ሆነና! ሽጉጡን ሸጦ ነዋ» አለችኝ። እንዲህ ያለች ደንበኛ በቀላሉ አትገኝም።

«እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ የሚያነቡት የማሽን መመሪያ ነው» ትል ነበር። «መመሪያ ደግሞ ‹አትንካ› ከማለት ሌላ ነገር አያውቅም።» እናም አንድ ዘዴ አመጣች። ለንግሥ ወይም አብያተ ክርስቲያናቱን ለመሳለም ወደኛ አገር የሚመጣ ደራሲ አይጠፋም። ሆቴል ለሆቴል እየዞረች ትጠይቅና አንዱን ስታገኝ፣ ሳይሄድ ለኮሌጁ ተማሪና ለከተማው ሰው እንዲያነብ ትለምነዋለች። ዲኑን አስፈቀደች፤ አዳራሹን ሰጣት።

የመጀመሪያው እንግዳ ገጣሚ ነበር፤ ወፈር ያለ፣ ድምፀ መልካም ሰው። ዲኑ ሥርዓት የሚወድ ሰው በመሆኑ ማኅተም ያለበት የጥሪ ደብዳቤ ለቀበሌው፣ ለደብሩና ለዕድሩ በተነ። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ ቀረበ። ጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ ለበሰ፤ በላዩ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የታሸገ ውሃ፣ ከውሃው ጎን የኔ ድምፅ ማጉያ። ገጣሚው አነበበ። ሰዉ በሥርዓት ሰማ፣ በሥርዓት አጨበጨበ። ከዚያ መምህርቷ፣ «ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው?» አለች።

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ፣ ውሃ የቀረበለት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው፣ ሥራው ምንም ይሁን ምን፣ ከላይ የመጣ ነው። ከላይ የመጣ ሰው ፊት ደግሞ እጅ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

አንድ ቄስ ተነሡ። «ያነበቡልን መልካም ነው፤ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የሙጃ መንገድ ግን መቼ ነው የሚሠራው?»

ገጣሚው ቅኔ መስሎት ፈገግ አለ። ቀጥሎ የተነሣው ስለ ውሃ ፈረቃ ጠየቀ። ከሱ ቀጥሎ ያለችው ሴትዮ መብራት በሄደ ቁጥር፣ አገር ጥሎ እንደሄደ ዘመድ፣ ‹ይመጣል› እየተባለ መኖሩ እስከ መቼ ነው አለች። ገጣሚው ጨዋ ሰው ነው፤ አላውቅም ማለት ከበደው። «መልእክታችሁን አደርሳለሁ» አለ። ለማን እንደሚያደርስ እሱም አያውቅም። አዳራሹ ግን ለግጥሙ ካጨበጨበው በላይ አጨበጨበ።

ሁለተኛዋ እንግዳ አጫጭር ልብ ወለድ የምትጽፍ ሴት ነበረች። የዚያን ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ከሙጃ በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣ ሰው ሁሉ ነበር። መምህርቷ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

«አዩ ጋሼ? ሥነ ጽሑፍ ገባቸው!»

ሊገዛ የሚመጣ ሰውና የገዛውን ሊመልስ የሚመጣ ሰው አረማመዳቸው ለየቅል ነው። እነዚህ ሊመልሱ የመጡ ነበሩ። ደራሲዋ አንብባ ሳትጨርስ ከመካከል አንዱ ተነሣና፣ «ያ ቀድሞ የመጣው ሰውዬ መልእክት አደርሳለሁ ብሎን ነበር፤ መልሱን ይዘው መጡ ወይስ ባዶ እጅዎን ነው?» አላት።

ደራሲዋ ከገጣሚው ይልቅ ሐቀኛ ነበረች። «እኔ ደራሲ ነኝ። ምንም ሥልጣን የለኝም።»

«ሥልጣን ከሌለዎት» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ጠረጴዛው ጀርባ ምን ያደርጋሉ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጫጫታ ሱቄ ድረስ የሰሙ አሉ። የወረዳው ቢሮዎችም ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ዲኑ ተጠርቶ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ዝናብ የመታው ካርቶን መስሏል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበሩን የሚወድ ሰው ነው፣ እንደማንኛውም ወንበር ያለው። መምህርቷን አስጠርቶ እንዲህ አላት፦ «ሥነ ጽሑፍ አልጠላም። ኮሌጁ ግን አቤቱታ መቀበያ ሆነ እየተባልኩ ነው። አንድ ዕድል እሰጥሻለሁ። በዚህኛው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አቤት ካለ፣ አዳራሹ ለደራሲ ተዘጋ።»

ሱቄ መጥታ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ሳሙና አልገዛችም።

«ይሄ ከተዘጋ ዝውውር እጠይቃለሁ ጋሼ» አለች። «ማመልከቻ አጻጻፍ ደሴም ሆኜ ማስተማር እችላለሁ።»

ቀልድ እንዳልሆነ ከድምፅዋ ገባኝ። በዚህ ከተማ ታሪክ የሚጨርስልኝ ሌላ ሰው እንደሌለ ደግሞ አውቃለሁ። ነጋዴ የሚያዋጣውን ደንበኛ ዝም ብሎ አይሸኝም።

«ማን ነው አሁን የሚመጣው?» አልኳት።

«ይምርሐነ ክርስቶስን ሊሳለም የሚመጣ ደራሲ አለ። ስለ አንድ በቅሎ ነጂ የጻፈው ታሪክ አለው።»

«በቅሎ ጥሩ ነው። እንግዲያው መጀመሪያ ጠረጴዛውን አውጭልኝ።»

«ወዴት?»

«የትም። እኔ ሱቅ ይቀመጥ። ጨርቁም አይኖር፣ አበባውም አይኖር፣ ውሃውም አይኖር።»

«ሰውዬው ይጠማዋላ!»

«ይጠማው። ውሃ ከቀረበለት ስለ ውሃ ይጠየቃል።»

ሳትወድ ሳቀች። «ድምፅ ማጉያውስ? የርስዎ አይደል እንዴ?»

«የኔ ስለሆነ ነው የማውቀው። በሱ የተነገረ ነገር ሁሉ ወይ ሠርግ ነው ወይ መመሪያ። እሱም ይቅር። ማኅተም ያለው ደብዳቤም አትበትኑ። ሰው መጥራቱን ለኔ ተይው። ደግሞ አደራ፣ አንብቦ ሲጨርስ ‹ጥያቄ ያለው› የምትይውን ነገር ዋጭው።»

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁና ዕቃዬን ዘርግቼ ለያንዳንዱ ገዢ አንድ ወሬ ጨመርኩለት። ታሪክ የሚያወራ ሰው ይመጣል፤ ምንም ሥልጣን የለውም። «ምንም?» ይሉኛል። «ምንም። መብራት አያበራም፣ መንገድ አይሠራም፣ እህል አያከፋፍልም።» ቅር የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ተገላቢጦሽ ሆነ፤ መዋጮም እንደማይጠይቅ ሲገባቸው ፊታቸው ፈካ።

ያልፈካላቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ወደ ተራራው ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ እንግዳ በበቅሏቸው እየጫኑ የሚኖሩ፣ አያ የምላቸው ሰው ናቸው። አንዲት ጠፍር ለመግዛት ከገበያ ገበያ እየተመላለሱ ይከራከራሉ፤ በዋጋ ሲመጡባቸው ዐለት ናቸው።

«ሥልጣን ከቶም የሌለው ሰው አለ?» አሉኝ ጠፍሩን እየጎተቱ።

«አለ፤ ይሄ ነው።»

«ውሸት። አንድ ነገር ላይ ሳይኖረው አይቀርም። እኔ እንኳ በቅሎዬ ላይ አለኝ።»

ገዢ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ልገላገላቸው ብዬ፣ «እንግዲያው የሱም ሥልጣን በቅሎዋ ላይ ብቻ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ባለችው» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ደህና» አሉና ጠፍሩን ሳይገዙ ሄዱ።

ቀኑ ደረሰ። ወንበሮቼን እንደ ሰንበቴ ዙሪያውን ደረደርኩ፤ ለደራሲው የሱቄን በርጩማ መሀል ላይ አስቀመጥኩለት። ቀጭን፣ ኮቱ ከሱ የሰፋ ሰው ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ በበቅሎ ደርሶ በመመለሱ ወደ አንድ ጎኑ ብቻ ነበር የሚቀመጠው። ይሄን ሰዉ አየና ወደደው። ከላይ የመጣ ሰው መቀመጫው አያመውም።

ድምፅ ማጉያ ስላልነበረ ሰዉ ወንበሩን እየጎተተ ቀረበ። ደራሲው አነበበ። አንድ ሰው አለ፤ ከአንዲት በቅሎ በቀር ሀብት የለውም። እህል ጭኖባት ቁልቁለት ይወርዳል። ጉም ወርዷል፤ በግራ በኩል ገደል ነው። ሰውዬው ያወራታል፤ እሷ ጆሮዋን ወደሱ መለስ ታደርጋለች። ያቺን የጆሮዋን ነገር ሲያነብ አዳራሹ ውስጥ ያለ በቅሎ ያለው ሰው ሁሉ «እህ!» አለ። ቀጥሎ ድንጋይ ከእግሯ ሥር ከዳት። ጉሙ ሲገለጥ ሰውዬው ገመዱን ይዞ አፋፉ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ታሪኩ አለቀ።

ማንም አላጨበጨበም። ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ፣ መጨረሻውን ማንም ሳይቀድብኝ መስማቴን ሳስበው ደረቴ ሞላ። መምህርቷ ምክሬን ይዛ ዝም አለች። ዲኑ ሰዓቱን አይቶ ወደ መውጫው ተንቀሳቀሰ። ሁሉ ነገር አማረ።

ደራሲውን ግን ማንም አልነገረውም ነበር። ቀና አለና፣ «ጥያቄ ካለ ደስ ይለኛል» አለ።

ዲኑ ቆመ።

እኒያ የጠፍሩ ሽማግሌ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደገደጉ። ጋቢውን ወገቡ ላይ ያደገደገ ሰው ጥያቄ አይጠይቅም፤ አቤት ይላል። የሽማግሌው አባትም አያትም ሹም ፊት የቆሙት እንዲሁ ነው። መምህርቷ ወደኔ አየች። ፊቷ ላይ ደሴን አየሁት።

«አያ፣ ይቀመጡ እስቲ» አልኳቸው በቀስታ።

«አልቀመጥም። አቤት! ጌታው፣ የማቀርበው አቤቱታ አለኝ።»

ዲኑ ወደ መሀል መራመድ ጀመረ።

«ስለ መንገድ አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «ስለ ውሃም አይደለም። እሱ በእጅዎ እንዳልሆነ ይሄ ባለሱቅ ነግሮናል፤ ነጋዴ ቢሆንም አምነነዋል።» አዳራሹ ሳቀ። «ሥልጣንዎ በቅሎዋ ላይ ብቻ ነው ብሎናል። እንግዲያው ስለ በቅሎዋ ነው አቤት የምለው። በጀት አይፈልግም። ከላይ የሚጠየቅ የለም። ያ ምስኪን ከሷ በቀር ምንም የለውም፤ ይመልሱለት።»

ደራሲው ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለ። «አባቴ… ሞታለች እኮ።»

«ማን ጣላት?»

«ድንጋዩ ከዳት።»

«ድንጋዩን ማን አኖረው?»

ደራሲው ወረቀቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። «እኔ ነኝ» አለ።

«አዩ እንግዲህ!»

«ግን መመለስ ይከብደኛል። ታሪኩ የቆመው በሷ ሞት ነው።»

«ታሪኩም ይቁም፤ እሷም ትቁም።»

ሁለቱም ደረቁ። ገበያ ውስጥ ሻጭና ገዢ እንዲህ ሲደርቁ መሀል ገብቶ የሚያቀራርብ ካልተገኘ ንግዱ ይፈርሳል። ዝም ማለት አልቻልኩም። «ለሁለታችሁም የሚሆን አለ» አልኩ። «ትውደቅ፤ አትሙት።»

ደራሲው አሰበ። «እግሯ ይሰበር?»

ሰዉ ጮኸ። «እግሯ የተሰበረ በቅሎ ምን ልትሆን! ቢገድላት አይሻልም?»

«ጆሮዋ ይቆረጥ» አለች አንዲት ሴትዮ።

«በጆሮዋ አይደል እንዴ የምትሰማው? እሱን አትንኩ!»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የራሳቸው በቅሎ ውጭ ታስራለች፤ ሲያስነጥሳት ይሰማል። «ዓይኗን» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ዓይኗን እለቃለሁ።»

ለጠፍር ዋጋ አንዲት ነገር ለቀው የማያውቁ ሰው ዓይን ለቀቁ። እኔ ብሆን እዚያው ላይ ተስማማን ብዬ እጅ እመታ ነበር። ደራሲው ግን ግንባሩን ያዘ፤ ይሄኔ ሁላችንም ዲኑ መሀላችን ቆሞ እንዳለ አየነው። ዲኑ ሽማግሌውን አየ፤ የታደገደገውን ጋቢ አየ፤ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ በስብሰባ የለመደ አፉ ቀደመው።

«ሐሳቡን የሚደግፍ?»

እጅ እንደ ማሽላ ቆመ።

«የሚቃወም?»

ደራሲው እጁን እስከ ትከሻው ብቻ አነሣ፤ የሚያጅበው ሲያጣ መልሶ አወረደው። «ጊዜ ይሰጠኝ» አለ። «በርጩማ ላይ ተቀምጬ በቅሎ ከገደል አላወጣም።»

«ተገቢ ነው» አለ ዲኑ። «ለሚቀጥለው መድረክ መልስ ይዘው ይቅረቡ።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ገባው። መምህርቷም ገባት። የሚቀጥለው መድረክ! አቤቱታ ገብቶ፣ በድምፅ ጸድቆ፣ መልስ ሳይሰጥበት አዳራሽ መዝጋት በስብሰባ ሰዎች ሕግ ነውር ነው።

ስንወጣ እጄን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ግን አቤቱታ ቀረበ እኮ። አንድ ብቻ ካለ ይዘጋል ብሎኛል።»

«የበቅሎ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የለም» አልኳት። «ማን ጠርቶ ይቆጣዋል?»

እውነትም የጠራው የለም። ክረምቱን ሙሉ ገበያው የተከራከረው ስለዚያች በቅሎ ነው። ሽማግሌው በሱቄ ባለፉ ቁጥር፣ «መልስ መጣ?» ይሉኛል። «አልመጣም» ስላቸው፣ «እንደሌሎቹ ሆነ በለኛ» ብለው ይሄዳሉ። ይሄ ከዲኑ ቁጣ ይልቅ አሳሰበኝ። ደራሲው ቢቀር፣ አዳራሹ ማንም ሳይዘጋው በራሱ ይዘጋል፤ ሰው ተመልሶ አይመጣም። መምህርቷ ስልክ ትደውላለች። ኔትወርክ ካለ እሱ አያነሣም፤ እሱ ሲያነሣ ኔትወርክ ይሄዳል።

መስቀል እንዳለፈ መጣ። አሁንም በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ በዚህኛው በሁለቱም ጎኑ። አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት ይሰማ ነበር። አዲሱን መጨረሻ አነበበ። በቅሎዋ ትወድቃለች። ከታች ያለ ቁጥቋጦ ይይዛታል። ሰውዬው በገመዱ እየጎተተ፣ እያወራት፣ ያወጣታል። የግራ ዓይኗ ግን ጠፍቷል።

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞረ። ጋቢያቸውን አደግድገው ነበር የሰሙት።

«ግራው የገደሉ ወገን ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

የግራ ዓይናቸውን በእጃቸው ከለል አደረጉ። «ገደሉን ካላየች አትደነግጥም። ዘገየ እንጂ መልስ ሰጥተዋል፤ ከሌሎቹ ይሻላሉ። ተቀብያለሁ።» ጋቢያቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ መለሱና ተቀመጡ። አዳራሹ ያን ጊዜ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ያቺ ‹ጆሮዋ ይቆረጥ› ያለችው ሴትዮ ከኋላ ተነሣች።

«ስትመለስስ?»

«እንዴት?» አለ ደራሲው።

«እህሉን ሸጦ በዚያው መንገድ ይመለስ የለም? ያን ጊዜ ገደሉ በቀኝ ነው። በደህናው ዓይኗ በኩል!»

ደራሲው ወረቀቱን አገላበጠ፤ የሚያገላብጠው ነገር እንደሌለው ከኔ ቦታ ይታየኝ ነበር። ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ማውራት ጀመረ። ሽማግሌው እንደገና ተነሥተው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ያወርዳሉ። ዲኑ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይሄ እንግዲህ ለሚቀጥለው…» ሲል መምህርቷ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ፣ ጠመኔ ይዛ የሚቀጥለውን ቀን መጻፍ ጀምራ ነበር።

ስለ ዝውውር ዳግመኛ አላነሣችም። ጠረጴዛውን የጠየቀኝም የለም፤ ሱቄ ውስጥ ሳሙና ደርድሬበታለሁ። ፊቱ ቆሞ አቤት ያለ ሰው እስካሁን አልመጣም። ጨርቁን አላለበስኩትማ።